ተማሪው ስለ ሥራው ሲናገር
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በከፍተኛ ትምህርት ተቋም ተማሪና በመምህሩ መካከል ስለሚደረገው መነጋገር፣ በተለይም ተማሪው ስለሚታዘዘው የፕሮጀክት ሥራ ነው። ርእሱ ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ስለ ሥርዓተ ትምህርት ወይም ስለ በጀት ቢሆን ኖሮ ብዙ አኃዝ እየተጠቀሰ ሰፊ ክርክር በተደረገበት ነበር። ነገር ግን በማስተማር ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የአንድ ሴሚስተር ልፋት ፍሬ ማፍራቱ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በአንዲት አጭር ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ተማሪው የሠራውን ይዞ በመምህሩ ፊት ሲቀርብ «ይህን እንዴት አገኘኸው?» ቢባል መልስ ይኖረዋልን? የሚለው ነው።

የንግግሬ ዋና ሐሳብም ይህ ነው። የፕሮጀክት ሥራ ተማሪውን የሚያስተምረው ስለ ሥራው ከመምህሩ ጋር ሲነጋገርበት ነው። መነጋገሩ ከቀረ የሚተርፈን የተጠረዘ ወረቀትና በመዝገብ ላይ የሰፈረ ውጤት ብቻ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ትምህርት ቤት ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል። ከዚያም ወደ መምህሩ ወይም ወደ አስነጋሪው ቀርቦ የቆጠረውን በቃሉ ያሰማል፤ ይህም ነገራ ይባላል። መምህሩ የተሳሳተውን ያርማል፣ የጎደለውን ምሥጢር ያመለክታል፤ ተማሪውም በማግሥቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ጀምሮ እስከ ረጃጅሞቹ ድረስ አካሄዱ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር ቢኖር፣ ተማሪው የፈጠረውን ሳይናገር አይውልም፤ መምህሩም ሳይሰማ አያልፍም። የሥራው ምዘና ከሥራው ጋር አብሮ ይሄዳል እንጂ ሥራው ካለቀ በኋላ ለብቻው የሚመጣ አይደለም።

ፕሮጀክት የተባለው የማስተማር ዘዴም በመነሻው ከዚህ የራቀ አልነበረም። ዊልያም ኪልፓትሪክ የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው ጽሑፍ ሥራውን በአራት ደረጃዎች ከፍሎታል፤ እነርሱም ዓላማ መወጠን፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ሥራውን መፈጸምና የተፈጸመውን መመዘን ናቸው። በአራቱም ላይ ዋናው ባለ ጉዳይ ተማሪው ራሱ እንዲሆን ነበር ሐሳቡ። በእኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ዓላማውን መምህሩ ይሰጣል፤ ዕቅዱ ካለፈው ዓመት ተማሪዎች ወረቀት ይገለበጣል፤ መመዘኑም ተመልሶ የመምህሩ ይሆናል። ለተማሪው የሚቀርለት መፈጸሙ ብቻ ነው። «ያሰብኩት ምን ነበር? ያገኘሁትስ? ዳግመኛ ቢሰጠኝ እንዴት አደርገዋለሁ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅበት ሰዓት በትምህርቱ ፕሮግራም ላይ አልተመደበለትም።

ሰዓቱ ሲመደብለት ግን ምን ሊሠራ እንደሚችል የከፍተኛ ትምህርታችን ታሪክ ምስክር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በውስጡ አንድ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ማኅበሩ ያወጣው በነበረው መጽሔት ላይ ተማሪዎች ስለየትውልድ አገራቸው ልማድና አኗኗር እየጻፉ አሳትመዋል። በዚህ ሥራ ተማሪው ከመምህሩ የሚበልጥበት ነገር ነበረው፤ ከውጭ አገር የመጣው መምህር ያላየውን መንደር እርሱ ያውቃል። መምህሩም በበኩሉ እንዴት ተጠይቆ እንዴት እንደሚመዘገብ ያውቃል። ሁለቱ የሚያውቁት የተለያየ በመሆኑ ሳይነጋገሩ ሥራው ሊፈጸም አይችልም ነበር። በኋላ ዘመን ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ለታላላቅ ሥራዎች ምንጭ ለመሆን በቅተዋል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝኛ ያሳተሙትን የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ ሲያዘጋጁ ከተጠቀሙባቸው ምንጮች መካከል እነዚሁ ጽሑፎች ይገኙበታል። የተማሪ ሥራ ነው ተብሎ የሚናቅ ነገር እንደሌለ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በጤናው መስክም እንዲሁ ነው። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሰማርቶ በየጤና ጣቢያው ሲያሠለጥን ኖሯል። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ትምህርቱን በኅብረተሰቡ መካከል ማካሄድን ዋና መታወቂያው አድርጎ ተነሥቷል። ተማሪዎች በቡድን ወደ ቀበሌው ይወጣሉ፤ መረጃ ይሰበስባሉ፤ ችግር ለይተው መፍትሔ ያቅዳሉ። እንዲህ ያለው ሥራ ከየትኛውም ንግግር ይልቅ ተማሪውን ከሕዝቡ ጋር ያስተዋውቀዋል፤ ተመልሶ የሚያዳምጠው መምህር ካገኘ ማለት ነው።

አሁን ወዳለንበት ሁኔታ እንምጣ። የዩኒቨርሲቲዎቻችን ቁጥር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ በእጅጉ በርክቷል፤ በአንድ ክፍል የሚቀመጡት ተማሪዎችም እንዲሁ። በዚህም ምክንያት የግል ሥራ ለማረም ስለማይቻል የቡድን ሥራ ተመራጭ ሆኗል። ወረቀቱ ሲቀርብ በሽፋኑ ላይ የስድስትና የሰባት ተማሪ ስም ተደርድሮ ይታያል። የጻፈው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው እንደሆነ እኛም እናውቃለን፤ እነርሱም እንደምናውቅ ያውቃሉ። በየግቢው በር አጠገብ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዳንዶቹ ከመተየብ አልፈው የተዘጋጀ ጥናት እስከ መሸጥ መድረሳቸውም የተሰወረ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጥያቄ ሲሰጡት ሙሉ ሪፖርት በደቂቃ ጽፎ የሚያቀርብ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም በተማሪው የእጅ ስልክ ላይ ይገኛል። እንግዲህ ወረቀቱ ብቻውን የተማሪው ዕውቀት ምስክር መሆኑ አብቅቷል ማለት ነው።

የመገናኛው መንገድ ግን ከቀድሞው ይልቅ ቀሏል። ወረርሽኙ ገብቶ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች በተዘጉ ጊዜ፣ ተማሪና መምህር በቴሌግራምና በኢሜይል መጻጻፍን ይበልጥ ለመዱ፤ ልማዱም እስከ ዛሬ ዘልቋል። ሆኖም የሚጻፈው ምንድን ነው? «ቲቸር፣ ውጤት መቼ ነው?»፣ «ቲቸር፣ ቀኑ ይራዘምልን» የሚለው ይበዛል። «መምህር፣ ባለፈው ሳምንት የወጣንበት መጠይቅ አልሠራልንም፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ሰዎቹ በሌላ ትርጉም እየተረዱት ነው፤ እንዴት እንድናስተካክለው ይመክሩናል?» የሚል መልእክት ግን ብርቅ ነው። እንዲህ ብሎ የጻፈ ተማሪ ግማሹን ትምህርት ጨርሷል፤ የከሸፈበትን ነገር ለይቶ አውቋልና።

ተማሪው እንዲህ የማይጽፍበት ምክንያት ስንፍና ብቻ አይደለም። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» እያልን ብንተርትም፣ በየቢሯችን በር ላይ ግን መጠየቅ ዋጋ ያስከፍላል። ተማሪው ኮሪደር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲገባም አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ፣ ካላስቸገርኩዎ» ብሎ ይጀምራል። አክብሮቱ የባህላችን ጌጥ ነው፤ እንዲጠፋም አልመኝም። ነገር ግን «አልተሳካልኝም» ብሎ መናገር ውጤት የሚያስቀንስ መስሎ ከታየው፣ አክብሮቱ መጋረጃ ይሆንና ከኋላው ያለውን እውነት ይሸፍነዋል።

ይህ መጋረጃ ሲገለጥ ምን እንደሚገኝ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአንድ ኮሌጅ ሳስተምር አንድ የተማሪዎች ቡድን ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ ስለ መጸዳጃ ቤት አጠቃቀም አጥንቶ ሪፖርቱን አቀረበ። ሠንጠረዡ የተሟላ፣ እንግሊዝኛውም የጠራ ነበር። የመደምደሚያው ቃል ግን ሁላችንም የለመድነው ነው፤ ችግሩ የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት ነው፣ መፍትሔውም ትምህርት መስጠት ነው ይላል። «ግንዛቤ እንደሌላቸው ማን ነገራችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ተያዩና ዝም አሉ። ቀስ ብላ አንዲት ተማሪ፣ አንዲት እናት የነገሯትን ተናገረች። መጸዳጃ ቤቱን ሁለት ጊዜ አስቆፍረው ነበር፤ አፈሩ ልል በመሆኑ ሁለቱንም ጊዜ ክረምት ሲገባ ተደረመሰ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ለማስቆፈርና እንጨት ለመግዛት አቅም አጡ። ሌላው ተማሪም እርሱ በሄደባቸው ቤቶች ተመሳሳይ ነገር መስማቱን ጨመረ። «ታዲያ ለምን አልጻፋችሁትም?» ስላቸው «በመጠይቁ ላይ ቦታ አልነበረውም» አሉኝ።

ወዳጆቼ፣ የጥናቱ እውነተኛ ግኝት ይህ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ግን አልነበረም። የሩብ ሰዓት ንግግር ባይደረግ ኖሮ ተማሪዎቹ ጥሩ ውጤት ይዘው፣ የሰሙትን ረስተው፣ የጻፉትን አምነው ይሄዱ ነበር። ነገ በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሲቀመጡም ያንኑ ዐረፍተ ነገር መልሰው ይጽፉታል። የተደረመሰው ጉድጓድ ሳይደገፍ፣ ሴትዮዋ ስለ ንጽሕና ጥቅም ይነገራቸዋል። የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ ጉዳዩ ከተማሪው ውጤት አልፎ ተማሪው ወደፊት የሚያገለግለውን ሕዝብ ይነካል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ሌላው ጉዳይ ቋንቋ ነው። ጅማ አካባቢ የወጣ ተማሪ መረጃውን በኦሮምኛ ይሰበስባል፤ ከጓደኞቹ ጋር ምናልባት በአማርኛ ይወያይበታል፤ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል። ነገሩ ሦስት ቋንቋ ሲሻገር በየመሻገሪያው የሚንጠባጠብ አለ። ያች እናት የተናገሩት ሕያው ቃል በመጨረሻው ወረቀት ላይ ሁለት ደረቅ የእንግሊዝኛ ቃላት ሆኖ ይቀራል። ስለሆነም ሪፖርቱ በተወሰነው የትምህርት ቋንቋ መጻፉ እንዳለ ሆኖ፣ ስለ ሥራው የሚደረገው ንግግር ተማሪው ባሰበበትና በሰማበት ቋንቋ ቢሆን ይበጃል። ሐሳቡን አጥርቶ የተናገረ ሰው በኋላ መጻፉ አይገደውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሥራው ሳያልቅ እንነጋገር። ጊዜ የለም የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እናስላው። 60 ተማሪዎች በስድስት በስድስት ቢመደቡ 10 ቡድን ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን 15 ደቂቃ ብንሰጥ በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በሴሚስተሩ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ላይ ሦስት ጊዜ ብናደርገው ሰባት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ባለ 30 ገጽ ሪፖርት ከአሥር ቡድን ሲመጣ 300 ገጽ ነው። ሪፖርቱን ወደ አሥር ገጽ ዝቅ አድርገን የተረፈውን ጊዜ ለንግግሩ ብንሰጠው፣ እኛም አንጎዳም፣ ተማሪውም ይጠቀማል።

ሁለተኛ፤ እያንዳንዱ የቡድን አባል ከሪፖርቱ ጋር አንዲት ገጽ ለብቻው ይጻፍ። በእርስዋም ላይ አራት ነገር ይመልስ፤ ምን እናገኛለን ብዬ ጠብቄ ነበር? ያላሰብኩት ምን ገጠመኝ? ሐሳቤን የለወጥኩት የት ላይ ነው? ጓደኛዬ ከሠራው ውስጥ እኔ ማስረዳት የማልችለው የትኛውን ነው? በሽፋኑ ላይ ስሙን ብቻ ያስመዘገበ ተማሪ እነዚህን ጥያቄዎች በቃሉ ሲጠየቅ ሊሸሸግ አይችልም። የገጿ ዋጋ በቅንነቷ ይመዘን፤ ያልተሳካለትን በግልጽ የጻፈ ተማሪ ስለ መክሸፉ ውጤት እንደማይቀነስበት አስቀድመን እንንገረው፤ ቃላችንንም እንጠብቅ።

ሦስተኛ፤ ለተማሪው መልስ እንስጥ። ብዙ ተማሪ ከወራት ልፋት በኋላ የሚደርሰው አንዲት የላቲን ፊደል ናት። ስለ ሥራው የተጻፈ ሁለት መስመር አስተያየት፣ ይህ ጥሩ ነው፣ ይህ ይጎድለዋል፣ የሚል ቢደርሰው ሥራው በሰው ዓይን መታየቱን ይረዳል። መረጃ ሰጥቶ ለተባበረው የቀበሌው ነዋሪም የተገኘው ውጤት ተመልሶ እንዲነገረው እናድርግ፤ ይህ ባለዕዳነታችን ነው።

የመምህራኑን ጫና የማያውቅ ሰው እንደማይመስላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ክፍሉ ጠባብ፣ ተማሪው ብዙ፣ ደመወዙም ከኑሮው ጋር የማይሄድ መሆኑን ሁላችንም እንኖረዋለን። ማኅበራችንም ስለ እነዚህ ጉዳዮች ድምፁን ማሰማቱን መቀጠል አለበት። ነገር ግን ከማንም ፈቃድ ሳንጠይቅ ልንጀምረው የምንችለው ሥራ ቢኖር ይኸው ተማሪን ጠርቶ ስለ ሥራው መጠየቅና መልሱን እስከ መጨረሻው መስማት ነው። አድካሚ ነው፤ ሆኖም ከሥራችን ውስጥ ማንም መሣሪያ ሊተካልን የማይችለው ክፍል እርሱ ነው።