ቤት የሚመቱ የእንግሊዝኛ ቃላትና ትርጉማቸው

(በጆሃንስበርግ ከተማ፣ ቤሪያ በሚባለው ሰፈር፣ ተማሪዎችና ሠራተኞች በተገኙበት ስብሰባ የተነገረ)



ዛሬ እንድናገርበት የተመረጠው ርእስ ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ስለ ስደት ኑሮ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ አገራችን ችግር መነጋገር ሲገባን ስለ ቤት መምታት ማውራት ምን ይረባል የሚል ሰው በመካከላችን ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ጄፒ ላይ ዕቃ የሚያወርድ ወንድማችን አሥራ አምስት ራንድና አምሳ ራንድ የሚሉትን ቃላት ሳይለይ ቢቀር፣ በአንድ ዕቃ 35 ራንድ፣ በዐሥር ዕቃ 350 ራንድ ከኪሱ ይወጣል። ከባለሥልጣን ፊት የቀረበች እኅታችንም «መኖር» የሚለውን ቃል «መልቀቅ» ነው ብላ ብትሰማ፣ በመዝገቧ ላይ የሚጻፈው ዓመት ይለወጣል፤ የተለወጠውንም ማስተካከል ቀላል አይደለም። እንግዲህ ነገሩ የጆሮ ነገር ነው፤ ጆሮንም ለማስተማር ቤት ከሚመቱ ቃላት የሚረክስ መሣሪያ የለም።

በመጀመሪያ ቤት መምታት በእኛ ዘንድ ምን እንደ ሆነ እናስታውስ። የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በመጨረሻው ፊደል ነው። ሀገር፣ ምስር፣ ባሕር የሚሉት ቃላት ሦስቱም በር ስለሚያልቁ ቤት ይመታሉ፤ ከር በፊት ያለው ድምፅ ቢለያይም ሰሚው አይቀየምም። ሥራ፣ እንጀራ፣ ተራራ የሚሉትም በራ ስለሚያልቁ ይገጥማሉ። ሥራና ዋጋ ግን አይገጥሙም፤ ምክንያቱም የሁለቱም መጨረሻ ራብዕ ይሁን እንጂ ራና ጋ ልዩ ልዩ ፊደላት ናቸው።

የእንግሊዝኛ ሕግ ከዚህ ይለያል። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃላት ቤት መቱ የሚባለው፣ ድምፁ ከሚከብድበት አናባቢ ጀምሮ እስከ ቃሉ መጨረሻ ያለው ሁሉ አንድ ሲሆን ነው፤ ከዚያ አናባቢ በፊት ያለው ተናባቢ ግን የተለየ መሆን አለበት። ስለዚህ ቤድ (አልጋ)፣ ጉድ (ጥሩ)፣ ሮድ (መንገድ) የሚሉት ቃላት ለአማርኛ ጆሮ በድ ቤት የመቱ ይመስላሉ፤ ለእንግሊዝኛ ጆሮ ግን አንዳቸውም ከሌላው ጋር አይገጥሙም። በአንጻሩ ብሉ (ሰማያዊ)፣ ሹ (ጫማ)፣ ቱ (ሁለት)፣ ትሩ (እውነት)፣ ግሩ (አደገ) የሚሉት ለእኛ ሉ፣ ሹ፣ ቱ፣ ሩ ስለ ሆኑ፣ በሩ ከሚያልቁት ከትሩና ከግሩ በቀር፣ ቤት አይመቱም፤ ለእንግሊዙ ግን አምስቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እኛ የቃሉን መጨረሻ ተናባቢ እንጠብቃለን፤ እንግሊዝኛ ግን ልዩነቱን የሚያስቀምጠው በመካከል ባለው አናባቢ ላይ ነው። ብዙ ሰው ዐሥር ዓመት እንግሊዝኛ ተምሮ ሲነገር የማይሰማበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት ቋንቋውን በዓይናችን መማራችን ነው። በአገራችን ከ1941 እ.ኤ.አ. በኋላ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ወስዶ የከፍተኛ ትምህርት መሣሪያ ሆነ፤ እስከ ዛሬም የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእርሱ ነው። ተማሪው ግን ከጥቁር ሰሌዳ ይገለብጣል፣ ከመጽሐፍ ያነባል፣ በጽሑፍ ይፈተናል። የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ደግሞ የታመነ ምስክር አይደለም። ኮም (ማበጠሪያ)፣ ቱም (መቃብር)፣ ቦም (ቦምብ) የሚባሉት ሦስት ቃላት ሲጻፉ የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው፤ ሁሉም ኦ፣ ኤም፣ ቢ በሚባሉት ፊደላት ያልቃሉ። ሲነገሩ ግን አይገጥሙም፤ መጨረሻ ላይ ያለው ቢ የሚባለውም ፊደል አይሰማም። ቤድ (አልጋ)፣ ብሬድ (ዳቦ)፣ ሴድ (ተናገረ) የሚሉት በበኩላቸው ሦስት ዓይነት አጻጻፍ አላቸው፤ ሲነገሩ ግን ቤት ይመታሉ።

ይህ የሆነበት ምክንያት በታሪክ የታወቀ ነው። ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. በዌስትሚንስተር ማተሚያ ቤት ካቋቋመ በኋላ የቃላት አጻጻፍ እየረጋ ሄደ። በዚያው ዘመንና ከዚያም በኋላ ባሉት ሁለት መቶ ዓመታት ያህል ግን ረጃጅሞቹ የእንግሊዝኛ አናባቢዎች አነጋገራቸው ተለወጠ። ጽሕፈቱ ባለበት ቀረ፤ ድምፁ ጥሎት ሄደ። ዛሬ ናይት የሚባለው የጥንት ፈረሰኛ ጦረኛ ሲጻፍ በፊቱ ኬ የሚባል ፊደል ያለበት ቀድሞ ኬው ይነገር ስለ ነበር ነው። አሁን ኬው ዝም ስላለ፣ ጦረኛውና ሌሊቱ በጆሮ አንድ ሆነዋል።

በዚህ አጋጣሚ የኛ ሰው በእንግሊዙ ጽሕፈት ብቻ እንዳይስቅ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛም ፊደል ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው በዚህ ምን ያህል እንደሚቸገር የምታውቁት ናችሁ። እያንዳንዱ ጽሕፈት የሚደብቀው ነገር አለው፤ የተደበቀውንም የሚያገኘው ጆሮ ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። አማርኛ ተናጋሪውን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው አጭርና ረጅም ኢ ነው። መርከብም በግም በፊደላችን ሲጻፉ «ሺፕ» ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን የመርከቡ ኢ አጭርና የላላ ነው፤ የበጉ ኢ ረጅምና የተወጠረ ነው። ቃላቱን በየቤተ ሰባቸው እንያዛቸው። ከመርከብ ጋር ቤት የሚመቱት ሊፕ (ከንፈር)፣ ቲፕ (ጉርሻ)፣ ትሪፕ (ጉዞ) ናቸው። ከበግ ጋር ቤት የሚመቱት ስሊፕ (እንቅልፍ)፣ ዲፕ (ጥልቅ)፣ ኪፕ (መጠበቅ)፣ ቺፕ (ርካሽ) ናቸው። ቀደም ብዬ ያነሣሁት መኖርና መልቀቅም እንዲሁ ነው። ሁለቱም በፊደላችን «ሊቭ» ናቸው፤ መኖር ከጊቭ (መስጠት) ጋር ቤት ይመታል፤ መልቀቅ ግን ከቢሊቭ (ማመን) ጋር ይገጥማል። ከየቤተ ሰቡ አንድ ቃል በትክክል የያዘ ሰው የቀሩትን በእርሱ መዝኖ ማወቅ ይችላል።

ስለ ቁጥሮችም እንዲሁ ነው። 15 ፊፍቲን፣ 50 ፊፍቲ ነው። ፊፍቲን ከግሪን (አረንጓዴ)ና ከክሊን (ንጹሕ) ጋር ቤት ይመታል፤ መጨረሻው ረጅምና ከባድ ነው። ፊፍቲ ግን ድምፁ የሚከብደው በፊተኛው ክፍል ላይ ነው፤ መጨረሻው ቀሎ ያልፋል። 13ና 30፣ 14ና 40፣ እስከ 19ና 90 ድረስ ይኸው ሕግ ይሠራል። ገበያ የሚውል ሰው «ከግሪን ጋር ይገጥማልን?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ቢለምድ ብዙ ኪሣራ ይድናል።

አንዳንዶቹ ቃላት ደግሞ ቤት ከመምታት አልፈው ፍጹም አንድ ድምፅ ሆነዋል። ላይት (ብርሃን)፣ ናይት (ሌሊት)፣ ፋይት (ጠብ)፣ ዋይት (ነጭ) ከሚሉት ጋር ቤት የሚመታ ራይት የሚባል ቃል አለ። ራይት ቀኝ ነው፤ ትክክል ነው፤ መብትም ነው። አጻጻፉ ተለውጦ ደግሞ መጻፍ ይሆናል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኅብረ ቃል ማለት እንዲህ ያለው ነው። የቅኔ ተማሪ አንድ ቃል በሰማ ጊዜ ሁለተኛ ትርጉም እንዳለው ይመረምራል፤ እንግሊዝኛ ሲሰማም ይህንኑ ልማድ ይዞ መምጣት ይገባዋል።

ወንድሞችና እኅቶች፤

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። ክብ ሆኖ 54 ፎቅ የቆመው የፖንቴ ሕንፃ በሚታይበት በዚህ በቤሪያ ግን የሚነገረው እንግሊዝኛ አንድ ዓይነት አይደለም። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ከሆነ ነጭ ደቡብ አፍሪካውያን ብዙዎቹ ዘንድ ኪት (የዕቃ ስብስብ)ና ቢት (ጥቂት) ቤት አይመቱም። ኪት በኢ ይነገራል፤ ቢት ግን ወደ «ብት» ይቀርባል። ይህም «ልብ» በምንልበት ጊዜ ከምናሰማው ከሳድስ ድምፅ ጋር የተቀራረበ ነው፤ ስለዚህ ሌላው እንግዳ የሚደናገርበትን እኛ በቀላሉ እንይዘዋለን። ዙሉ ተናጋሪው ጎረቤታችን ደግሞ የቋንቋው አናባቢዎች አምስት በመሆናቸው፣ እንግሊዝኛ ሲናገር መርከብንና በግን ብዙ ጊዜ በአንድ ድምፅ ይጠራል። ስለዚህ በአንዱ በር ቤት የማይመቱት ቃላት በቀጣዩ በር ቤት ይመታሉ።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። እንግሊዝኛ ባለቤቱ ብዙ ነውና፣ አነጋገሬ አያምርም ብሎ በኀፍረት አፉን የሚዘጋ ሰው ያለ ጥቅም ራሱን ይጎዳል። የሰፈራችንን ስም የያዘችው ቤርያ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ትገኛለች፤ ሰዎቿም የተመሰገኑት የሰሙትን በየቀኑ ስለ መረመሩ ነው። እኛም ያልተረዳነውን «እንደ ገና ይድገሙልኝ» ማለትን፣ ቁጥር ከሆነ በጽሑፍ ማስደገፍን፣ ጉዳዩ ከባድ ከሆነ አስተርጓሚ መጠየቅን እንልመድ።

ይህች አገር ቋንቋ በግድ ሲጫን ምን እንደሚያስከትል በደም የተማረች ናት። የአፓርታይድ መንግሥት የጥቁር ልጆች ከትምህርታቸው ግማሹን በአፍሪካንስ እንዲማሩ ስላዘዘ፣ ጁን 16 ቀን 1976 እ.ኤ.አ. የሶዌቶ ተማሪዎች በሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስም ተኮሰባቸው። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕገ መንግሥት 11 ቋንቋዎችን በእኩልነት የመንግሥት ቋንቋ አደረገ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የምልክት ቋንቋ 12ኛ ሆኖ ተጨመረ። እንግሊዝኛን ስንማርም ስናስተምርም ይህን አንርሳ። መሣሪያ ነው፤ ከየቤታችን ያመጣነውን ቋንቋ የሚያስጥል ጌታ ሊሆን አይገባውም።

ይህንንም የምለው ለስሜት ብቻ አይደለም፤ በማስተማሩም ሥራ ይረዳናልና ነው። ወደ ደቡብ አፍሪካ ከመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሀዲያና የከምባታ ልጆች ናቸው፤ ኦሮሞዎችም አያሌ ናቸው። ሀዲይኛ፣ ከምባትኛና ኦሮምኛ አጭርና ረጅም አናባቢን ለይተው ይናገራሉ። በኦሮምኛ መሬት ማለትና ለስላሳ ማለት የሚለያዩት በአናባቢ ርዝመት ነው። እንግዲህ መርከብና በግ ሲነገሩ፣ አማርኛ ብቻ የሚናገር ምሩቅ ከሚሰማው ይልቅ ከሆሳዕና የመጣው ነጋዴ ርዝመቱን ቀድሞ ሊሰማ ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን የተማረው ሰው ነጋዴውን ያልተማረ ነው ብሎ ከኋላ ያስቀምጠዋል። በጆሮ ትምህርት ቤት ነጋዴው ከፊት ይቀመጥ፤ ምሩቁም ከእርሱ ይስማ።

ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በዚህ ከተማ ያለን ተማሪዎች በየእሑዱ አንድ ሰዓት ለዚህ ሥራ እንስጥ፤ በየሳምንቱ ሁለት የቃላት ቤተ ሰብ፣ ከዚያ የበዛ አይሁን። ሁለተኛ፣ ቃሉ በመጀመሪያ በጆሮ ይሰማ፣ ቀጥሎ በአፍ ይነገር፣ በመጨረሻ ይጻፍ፤ ትርጉሙም ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ ይሰጥ፤ አማርኛም ይሁን ሀዲይኛ፣ ከምባትኛም ይሁን ኦሮምኛ። ሦስተኛ፣ በአገር ቤት የምታስተምሩ ጓደኞቻችን ይህ ጽሑፍ ሲደርሳችሁ ከየትምህርቱ ሰዓት አምስት ደቂቃ ለጆሮ ለዩ። መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ገንዘብም አይጠይቅም፤ ሰሌዳው ለአምስት ደቂቃ ባዶ ቢሆን ይበቃል።

ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ሁላችንም አንዳንድ ቤተ ሰብ ይዘን እንሂድ። ፊፍቲን ከግሪን ጋር ቤት መምታቱን ነገ ጠዋት ጄፒ ላይ ለሚውል አንድ ሰው ብትነግሩት፣ ሥራው ዛሬ ተጀመረ ማለት ነው።