በደረቅ አገር የተተከሉ አገር በቀል ዛፎች ስለሚመዘኑበት መንገድ



የችግኝ ተከላ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከተተከለው ብዛት ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በወሎና በትግራይ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም ችግኝ ሲተከል፣ እህሉ የሚሰፈረው ለተሠራው ሥራ እንጂ ከሦስት ዓመት በኋላ ቆሞ ለተገኘው ዛፍ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በተገለጸ ጊዜም ብዙ ሰው የጠየቀው ስንቱ ይጸድቃል ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና ስለ አገር በቀል ዛፎች ሲሆን፣ መቼና እንዴት ተቆጠረ የሚለው ካልተጨመረበት መልሱ ያሳስታል።

በትግርኛ ሞሞና የሚባለውን ገርቢን እንመልከት። ይህ ዛፍ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ይለመልማል፤ ገበሬውም ከማሳው የማያጠፋው በሥሩ የተዘራውን እህል ጥላው ስለማይጎዳው ነው። ችግኙ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉልበቱን የሚያውለው ውኃ ፍለጋ ወደ ታች ለሚሰደው ሥር ነው። ስለዚህ ቁመት ብቻ የሚለካ መዝጋቢ ከባሕር ዛፍ ጋር አስተያይቶ «ደካማ» ብሎ ይጽፈዋል። በችግኝ ጣቢያ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከሚገባው በላይ ከቆየ ደግሞ ዋናው ሥሩ ይጠመዘዛል። ከተተከለ በኋላ ቢደርቅ ጥፋቱ የጣቢያው እንጂ የዝርያው አይደለም፤ ሁለቱን የሚለይ ዓምድ ግን በመመዝገቢያ ቅጾቻችን ላይ እምብዛም አይታይም።

በመተማና በሁመራ ቆላ የሚገኘው የእጣን ዛፍ ከዚህ የባሰ የተበደለ ነው። ቡቃያው በበጋ እስከ መሬት ደርቆ በክረምት ከሥሩ ያቆጠቁጣል። በጥር የቆጠረ ባለሙያ ሞቷል ይላል፤ በሐምሌ የቆጠረው ሕያው ሆኖ ያገኘዋል። በእውነት የሚያጠፋው ሰደድ እሳትና የከብት ግጦሽ ነው።

ወይራም በገላጣ ቦታ ሲተከል በብዛት ይደርቃል። በሰሜን ከከብት በተከለሉ ተራሮች ግን በደደሆና በመሰል ቁጥቋጦዎች ጥላ ሥር ራሱን ሲተካ ይታያል። ቦታ እናጽዳ ተብሎ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ወይራ ሲተከል፣ ሞግዚቷን አባርሮ ሕፃኑን ፀሐይ ላይ እንደ መጣል ይቆጠራል።

ይህን ስል ባሕር ዛፍን ለማውገዝ አይደለም። በ1880ዎቹ ዓመታት ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ማገርና ማገዶ በአጭር ጊዜ የሚሰጥ እርሱን የሚያህል አልተገኘም። ከ1977 እስከ 1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በሰፈራ ሲጓጓዝ፣ የጎጆው እንጨትና ማገዶው በአብዛኛው የተቆረጠው ከአካባቢው ደን ነበር፤ በፍጥነት የሚደርስ ተክል ለሰፋሪ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን በቆላ ምስጥ አለ። መድኃኒት ያልተቀባ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ቶሎ ሲበላ፣ የወይራና የሐበሻ ጥድ ምሰሶ ምስጥን ይቋቋማል። እንግዲህ የእንጨት ምርት በዓመት በሜትር ኩብ ብቻ ሲሰላ፣ ቤቱን በየጥቂት ዓመቱ የሚያድሰው ሰፋሪ ድካም ከሒሳቡ ይቀራል።

ስለዚህ ቆጠራው ሦስት ጊዜ ቢሆን እመርጣለሁ፦ ዝናቡ ሲያበቃ በመስከረም መጨረሻ፤ ከመጀመሪያው በጋ ተርፎ ሥሩ ሲያቆጠቁጥ በሐምሌ፤ ከዚያም ከሦስተኛው ክረምት በኋላ። በመጨረሻው ጊዜ ከቁመቱ ይልቅ ከመሬት ጋር የሚገናኘው የግንዱ ውፍረት ይለካ፤ የጎደለውም በምን እንደ ጎደለ፣ ማለትም በድርቅ፣ በከብት፣ በእሳት ወይም በተጠመዘዘ ሥር፣ ይጻፍ።

ችግሩ የገንዘብ ነው። የተከላ ፕሮጀክት በጀት በአብዛኛው በዓመቱ ይዘጋል። ለሦስተኛው ቆጠራ የሚያስፈልገው አበልና ነዳጅ ከተከላው ወጪ ጋር አብሮ ካልተያዘ፣ ቆጣሪ የሚላክበት ገንዘብ አይኖርም። በመጪው ዓመት በምታቀርቡት ዕቅድ ላይ ይህ ወጪ ለብቻው ተለይቶ እንዲገባ እጠይቃለሁ።