ከሰዓት በኋላ በሰፈር ወጣት ማዕከል



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ አሥር ደቂቃ ንገረን» ሲሉኝ ደነገጥኩ። እኛ ማዕከል ውስጥ አሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ ያወራ ሰው ኖሮ አያውቅም።

እነዚህን ቤቶች «የወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከል» በሚለው ስማቸው ታውቋቸዋላችሁ። ታላላቆቻችን ደግሞ የቀበሌውን መዝናኛ ክበብና የኪነት ቡድኑን ያስታውሳሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። አሶሳ ላይ በራችን ደጃፍ የሚቆመው ግን ብዙ ጊዜ ታናሽ እህቱን ያዘለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ፖሊሲው አልደረሰልህም ብሎ ማን ይመልሰዋል?

ከረንቦላውንና ጆተኒውን አልንቅም፤ የመብራትና የጥበቃ ወጪ የሚሸፈነው በእነሱ ነው። ቴሌቪዥኑም የእንግሊዝ ኳስ ባለ ቀን አዳራሹን ይሞላዋል። ያን ቀን ግን አንዲት ሴት ልጅ አታዩም። ስለዚህ ሴቶቹን ራሳቸውን ጠየቅን፤ ከውኃና ከማገዶ የሚተርፋቸው ሰዓት የእሑድ ከምሳ በኋላ ነው አሉን። እሑድ ከምሳ በኋላ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል። ወንዶቹ እስከ ዛሬ ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ናቸው፤ 3.2 ከመቶ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ብሏል፣ ግን አሁንም የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። እናንተ መምህራን የምታገኙት ያለፉትንና በሪሚዲያል የገቡትን ነው። የቀሩት ወደ ሰፈር ይመለሳሉ። አንዳንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዳንዱ ወርቅ ሊያጥብ ወደ ኩርሙክና ሸርቆሌ ይወጣል፣ ሌላው እኛ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ሰፈሩ የሚጠራው በአንድ ቃል ነው፦ «የወደቀው»።

የክረምት በጎ ፈቃድ ተማሪዎች ለማጠናከሪያ ትምህርት ሲመጡልን አንድ ነገር ታየን። ከጎጃም ወይ ከሐዋሳ የመጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሒሳቡን አሳምሮ ያውቃል፤ ነገር ግን ፊቱ የተቀመጡት ልጆች ትምህርት የጀመሩት በበርትኛ ነው። «ገባችሁ?» ሲላቸው «አዎ» ይላሉ፤ ለትልቅ ሰው አልገባኝም አይባልማ! በረንዳ ላይ የተቀመጠው «የወደቀው» ልጅ በመስኮት አንገቱን አስግጎ አንድ ማንጎ ለአራት ሰው እንዴት እንደሚከፈል በበርትኛ አስረዳ። ክፍሉ ሳቀ፤ ክፍልፋይም ገባቸው።

ከዚያ ወዲህ የምናስተምረው ሁለት ሁለት ሰው አጣምረን ነው፤ አንዱ ሒሳቡን የሚያውቅ፣ አንዱ ልጆቹን የሚያውቅ። ያ በረንዳ ላይ ይውል የነበረው ልጅ አሁን የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው። ሕፃናቱ «ቲቸር» ይሉታል። እናቱ ይህን ከጎረቤት ሰምታ ልታይ መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ አየችና ምንም ሳትናገር ተመለሰች።

በ2011 በካማሺ፣ በ2013 ደግሞ በመተከል የሆነውን እዚህ መዘርዘር አያስፈልገኝም። ልጆች ግን ሰምተዋል፤ ቡድን ስንከፍል ማን ከማን ጋር እንደሚቆም ያያሉ። ስለዚህ የኳስ ቡድን የምንከፍለው በዕጣ ነው፤ በየወሩም እንደገና ይወጣል። ከኳሱ ይልቅ የረዳን ግን ዙምባራ ነው። የበርታን ዙምባራ ያየ ያውቃል፦ እያንዳንዱ ነፊ ያለው የራሱ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም በተራቸው ሲገቡ ነው። አንድ ልጅ ከቀረ ዜማው ላይ ቀዳዳ ይሆናል። የወሎ ሰፋሪ ልጅ ይሁን የሺናሻ፣ የቀረውን ጓደኞቹ ከቤቱ ሄደው ያመጡታል። የእኔ የስም መቆጣጠሪያ ይህን አድርጎ አያውቅም።

እናንተን የምጠይቀው ዕቃ አይደለም። ኮምፒውተር ሰጥቶ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄድ እንግዳ አላጣንም። ዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ አለበት፤ እንግዲያው ተማሪ ስትልኩልን ለአንድ ቀን ሳይሆን ለሙሉ ሴሚስተር ላኩልን። ትምህርት ክፍሎች ደግሞ ለእነዚያ 12ኛን ላላለፉ አስተማሪዎቻችን አጭር ሥልጠና ስጡልኝ፤ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀትም። ለእናንተ አንድ ወረቀት ነው፤ ለእነሱ ግን ሥራ ሲጠይቁ ከፈተና ውጤታቸው ሌላ የሚያሳዩት የመጀመሪያው ነገር ይሆናል። ከቀድሞ ተማሪዎች የምንፈልገው የወር አበል ነው፤ ትንሽም ብትሆን ሳትቋረጥ የምትመጣ። ልጆቹ ወርቁን ትተው እኛ ጋ እንዲቆዩ የምትይዛቸው እሷ ናት።

መጥቶ ማየት የሚፈልግ ሰኞና ረቡዕ ከ10 ሰዓት ጀምሮ እያስተማርን ያገኘናል። ክረምት ከሆነ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ጠጋ ብላችሁ ቁሙ፣ ካልሆነ አትሰሙንም።