ከረገፈው ቅጠል ሥር ያለው አዳኝ



ስለ ደን ሲነገር ዐይን የሚያርፈው በዛፉ ቁመትና በቅርንጫፉ ስፋት ላይ ነው። ከሥር የተነጠፈው የረገፈ ቅጠል ግን እንደ ጉድፍ ይቆጠራል። በኤውሮፓ ደኖች ይህን ንጣፍ ቤቱ ያደረገ አንድ ፍጡር አለ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኒዮቢዚየም ካርሲኖይዴስ፣ ወገኑም ሐሰተኛ ጊንጥ ነው።

ሐሰተኛ መባሉ እንደ ጊንጥ መቆንጠጫዎች ሲኖሩት ጅራትና መንደፊያ ስለሌለው ነው። ርዝመቱ ከ3 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። መርዙ የሚወጣው ከመቆንጠጫው ጣት ሲሆን ሰውን አይጎዳም። በመቆንጠጫዎቹ ላይ የበቀሉት ረጃጅም ፀጉሮች የአየርን እንቅስቃሴ ይሰማሉ፤ በዚህም እየተመራ ኮሌምቦላ የተባሉትን ጥቃቅን ተስፈንጣሪዎች ያድናል።

ይህ አዳኝ ግንበኛም ነው። ከመንጋጋው በሚያወጣው ሐር ትንሽ ክፍል ሠርቶ ቆዳውን በዚያ ይለውጣል። እንስቷም ዕንቁላሎቿን ከሆዷ ሥር በከረጢት ይዛ፣ ከራሷ አካል በሚመነጭ ፈሳሽ ጽንሶቹን ትመግባለች። ልጆቹ ሦስት የዕድገት ደረጃዎችን አልፈው ለአካለ መጠን ይደርሳሉ።

በመጻሕፍት መካከል የሚኖረውን ዘመዱን አርስጣጣሊስ ከ2,300 ዓመታት በፊት ጠቅሶታል። የቅጠሉ ነዋሪ ግን ስሙን ያገኘው የስትራስቡርጉ ተመራማሪ ዣን ፍሬደሪክ ኸርማን ከሞተ በኋላ፣ በ1804 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ነው። መጽሐፍ ይገለጣል፤ የረገፈ ቅጠል ግን ይረገጣል።

በ1905 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያዊው አንቶኒዮ በርሌዜ፣ አፉ ሰፊ ሥሩ ጠባብ የሆነ በሙቀት የሚሠራ ማንቆርቆሪያ አዘጋጀ። በ1918 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስዊድናዊው አልበርት ቱልግሬን የኤሌክትሪክ አምፖል ጨመረበት። ቅጠሉ በወንፊት ላይ ሆኖ ከላይ ሲደርቅ፣ እንስሳቱ እርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ወርደው ከጠርሙሱ ይገባሉ። ሆኖም መድረቁ ከፈጠነ ዝግተኛው ሳይወርድ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከጠርሙሱ መታጣቱ ብቻ በደኑ ውስጥ ላለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም።

ቅጠሉን ጠርጎ መውሰድ ለዚህ ፍጡር መጠለያውን፣ እርጥበቱን፣ ምግቡንና የልጆቹን ማሳደጊያ በአንድነት ማጣት ነው። ዛፉ ቆሞ ሳለ ደኑ ከሥሩ ሊራቆት ይችላል። እንግዲህ ደንን የሚመዘግብ ባለሙያ የዛፎቹን ቁጥር ከጻፈ በኋላ፣ መዝገቡን ከመዝጋቱ በፊት ተንበርክኮ አንድ እፍኝ ቅጠል ያንሣ።