ከመቃረጣችን በፊት
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከምንጫችን በላይ ያለውን ቦታ እንቃረጠው የሚል ሐሳብ ስለቀረበ፣ ስለ አንድ የሩቅ ሰፈር እናውራችሁ። ሞንቴቬርዴ ትባላለች፤ ኮስታ ሪካ ተራራ ላይ ናት። ያቀኗት ጦር መሣሪያ አናነሳም የሚሉ፣ ኩዌከር የተባሉ አሜሪካውያን ገበሬዎች ናቸው። በ1949 እ.ኤ.አ. ከመካከላቸው አራት ወጣቶች ለውትድርና አንመዘገብም በማለታቸው ታሰሩ። በኋላም ወደ 11 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከአላባማ ተነቅለው፣ ሠራዊቷን በ1948 ወዳፈረሰችው አገር ሄዱ። በ1951 1400 ሄክታር ያህል መሬት በጋራ ገዙ።

ሁሉንም ግን አልተቃረጡትም። ከ500 ሄክታር የሚበልጠውን የውሃቸውን መነሻ ደን ሳይነኩ አስቀሩት። መንገዱ ጭቃ፣ ገበያው ሩቅ ነበር፤ ወተት አይደርስም፣ አይብ ግን ይደርሳል ብለው የአይብ ፋብሪካ አቋቋሙ። ስብሰባቸው በእጅ ብልጫ አይወስንም፤ እስኪስማሙ ይነጋገራሉ። ደኑ ዛሬም ቆሞ ውሃውን ይጠብቃል።

እኛም የምንለው ይኸው ነው፦ ቦታው አንዴ ከተቃረጠ አይመለስም። እጅ ከማውጣታችን በፊት ምንጩ ድረስ ወጥተን አብረን እንይ፣ እንነጋገር።