የአልዌሮ ውኃና የአውሮፓ የምርምር ገንዘብ፦ ጥያቄውን የሚጽፈው ማን ነው?

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር

ስለ አውሮፓ ኅብረት የምርምርና የፈጠራ ድጋፍ ገንዘብ እንድናገር ስጋበዝ ንግግሩ ከብራስልስ እንደሚጀምር የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ከአቦቦ ልነሣ። ምክንያቱን ቀስ በቀስ ትደርሱበታላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትጓዙ አቦቦን ታገኛላችሁ፤ የአልዌሮ ግድብም በዚያው ወረዳ ነው። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ መሠራት ተጀመረ። 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውኃ እንዲይዝና ከ10,000 ሄክታር በላይ መሬት እንዲያለማ ታቅዶ ነበር። ዕቅዱ ለሰፋፊ የመንግሥት እርሻ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ መንግሥት ተለወጠ፣ ረጂው አገርም ራሱ ከካርታ ላይ ጠፋ፣ ግድቡ ቆመ፣ ውኃውም ተጠራቀመ፣ ውኃውን ወደ ማሳ የሚያደርሱት ቦዮች ግን አብረውት አልደረሱም። ሐይቁ ለብዙ ዓመታት ከመስኖ ይልቅ ለዓሣ አስጋሪዎች ነበር የሚያገለግለው። በኋላ አንድ የግል ኩባንያ ሩዝ ሊያመርትበት 10,000 ሄክታር መሬት በሊዝ ወሰደ፤ በዚያም ላይ የተነሣውን ክርክር እዚህ አልዘረዝረውም፣ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል።

ጥናት አልነበረም ማለቴ አይደለም። ሴልሆዝፕሮምኤክስፖርት የተባለው የሶቪየት ድርጅት የጋምቤላን ሜዳ የውኃና የመሬት ሀብት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1990 አቅርቧል። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ታምስና ዩኤልጂ የተባሉ አማካሪዎች ለውኃ ሀብት ሚኒስቴር የባሮ አኮቦን ተፋሰስ የተቀናጀ ማስተር ፕላን አዘጋጅተዋል። ሁለቱም ጥራዞች ብዙ ሥራ የፈሰሰባቸው ናቸው፤ ለተማሪዎቼም ዛሬ ድረስ እንዲያነቡአቸው እመክራለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው ሲቀርብ የግድቡ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ሁለቱም ጥናቶች የመለሱት ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ ይህ ውኃና ይህ መሬት ስንት ሄክታር ሊያለማ ይችላል? ጥያቄው ስሕተት አይደለም። የጠየቀው ግን ገንዘቡን የያዘው ወገን ነበር።

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት ሁለት ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወርጄ ነበር። ቆሮሶና አምባዛ የሚያወጡ አንድ አዛውንት አስጋሪ መረባቸውን እየጠገኑ አገኘናቸው። መጠይቃችንን በአስተርጓሚ አነበብንላቸው፤ የቤተሰብ ብዛት፣ የገቢ መጠን፣ የምትይዙት ዓሣ ቀንሷል ወይስ ጨምሯል። በትዕግሥት መለሱልን። ሲጨርሱ ‹‹አሁን የእኔ ተራ ነው›› ብለው አንድ ነገር ጠየቁን። ውኃው ከግድቡ ሲለቀቅ ከግድቡ በታች ባለው ዳርቻ በቆሎ ለዘሩት ዘመዶቻቸው ማን ነው የሚነግራቸው? አኙዋ ወንዙ ሲጎድል በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ እንደሚዘራ የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ውኃው ያለ ጊዜው ከመጣ ዘሩ ይሄዳል። በመጠይቃችን ከነበሩት ጥያቄዎች አንዱም ወደዚህ የተጠጋ አልነበረም። ወደ ጉዳዬ የምገባው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

የአውሮፓ የምርምር ማዕቀፍ ፕሮግራሞች እ.ኤ.አ. በ1984 ተጀመሩ። ሰባተኛው ከ2007 እስከ 2013 ሲቆይ በጀቱ 50 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው ሆራይዘን 2020 ወደ 80 ቢሊዮን ተጠጋ፤ አሁን ያለው ሆራይዘን ዩሮፕ ከ2021 እስከ 2027 ሲጀመር 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ተመደበለት። ለቀጣዩ ሰባት ዓመት የአውሮፓ ኮሚሽን በጁላይ 2025 ያቀረበው ሐሳብ 175 ቢሊዮን ነው፤ አባል አገሮቹ ገና ይከራከሩበታል። ቁጥሮቹን የጠቀስኩት ለማስደነቅ አይደለም። በዓለም ላይ ካሉት የመንግሥት የምርምር ድጋፎች ትልቁ ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው፣ የእኛም አገር ተቋማት በቀጥታ ሊካፈሉበት ይችላሉ።

ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብዙ መምህራን አያምኑኝም። ደንቡ ግን ግልጽ ነው። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ በጥምረት ውስጥ ሲገቡ ገንዘቡን ከአውሮፓውያኑ እኩል ያገኛሉ። ቻይና፣ ሕንድና ብራዚል ይህ ዕድል በተለመደው አሠራር የላቸውም፤ ተሳታፊዎቻቸው የራሳቸውን ወጪ ራሳቸው ይሸፍናሉ። በአብዛኞቹ የትብብር ጥሪዎች አንድ ጥምረት ቢያንስ ሦስት ተቋማት ከሦስት የተለያዩ የአባል ወይም የተባባሪ አገሮች ሊኖሩት ይገባል፤ ከእነዚያም ቢያንስ አንዱ ከአባል አገር መሆን አለበት። እኛ ከሦስቱ በላይ ነን፤ ያለ እኛም ጥምረቱ ይቆማል። ይህ አቋማችንን ይወስናል፤ ተጋባዥ ነን።

ጥሪዎቹ እንዴት እንደሚወለዱ ደግሞ እንይ። ኮሚሽኑ የሥራ ፕሮግራም ያዘጋጃል፤ የአባል አገሮቹ ተወካዮች የሚቀመጡበት ኮሚቴ ይመለከተዋል፣ ያሻሽለዋል። ስለዚህ ‹‹ለአፍሪካ ውኃ›› የሚል ርእስ ያለው ጥሪ ይፋ ሲሆን ጥያቄው ተጽፎ አልቋል። ከዚያ በኋላ የሚወዳደረው መልሱ ነው። ገምጋሚዎች ሦስት ነገር ያያሉ፤ የሳይንሱን ልቀት፣ የሚያስከትለውን ለውጥ፣ የአፈጻጸሙን ጥራት። ለእያንዳንዱ እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ። በሆራይዘን 2020 ዘመን ከቀረቡት ስምንት ፕሮፖዛሎች የተሳካለት አንድ ገደማ ብቻ ነበር።

በዚህ መንገድ ጥሩ ሥራ አልተሠራም አልልም። ዳፍኔ የተባለው ፕሮጀክት በዙሪኩ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም አስተባባሪነት የኦሞንና የዛምቤዚን ተፋሰሶች በውኃ፣ በኃይልና በምግብ ትስስር አጥንቷል። ዳውን ቱ ኧርዝ የተባለው፣ በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ የተመራው፣ የአፍሪካ ቀንድ ደረቅ አካባቢዎችን የውኃና የምግብ ሁኔታ መርምሯል። በሕክምናው ዘርፍ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የአውሮፓና የታዳጊ አገሮች የክሊኒካል ሙከራ አጋርነት ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች ተመራማሪዎች ያመጣው ለውጥ የሚካድ አይደለም። በጁላይ 2023 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረትና የአውሮፓ ኅብረት የጋራ የፈጠራ አጀንዳ አጽድቀዋል። ኦሞ በዓለም ፊት ቀርቦ የተጠናው ግልገል ጊቤ 3 እና የቱርካና ሐይቅ ከድንበር ባሻገር መነጋገሪያ ስለሆኑ ይመስለኛል። አልዌሮ የማንም አገር ዜና አይደለም። ድንበር ተሻግሮ የሚጮኽለት ሐይቅ የለውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ በየስብሰባው የማይነገረው ይህ ነውና። በሆራይዘን ዩሮፕ የሠራተኛ ወጪ የሚከፈለው በእውነተኛው ደመወዝ ነው፤ ዓመታዊው ወጪ ለ215 ቀን ተካፍሎ የአንድ ቀን ዋጋ ይወጣል። በዚህ ስሌት የአንድ ኢትዮጵያዊ ረዳት ፕሮፌሰር የሥራ ቀን ዋጋ ከአንድ አውሮፓዊ ባልደረባው ጋር የማይወዳደር ይሆናል፤ ከጁላይ 2024 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ በዩሮ ሲሰላ ከቀድሞው ግማሽ ገደማ ሆነ። ይህ ብቻ ቢሆን እንችለው ነበር። ቀጥተኛ ያልሆኑ ወጪዎች፣ ማለት መብራት፣ ጄኔሬተር፣ ኢንተርኔት፣ የሒሳብ ክፍል፣ የሚሰሉት ከቀጥተኛ ወጪው 25 በመቶ ተደርጎ ነው። የቀጥተኛው ወጪ ትልቁ ክፍል ደመወዝ ነው፤ ደመወዛችን ትንሽ ስለሆነ 25 በመቶውም ትንሽ ነው። ናፍጣው ግን ለእኛ በቅናሽ አይሸጥም። ስለዚህ ደንቡ በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ሆኖ ሳለ፣ ተቋም የሚገነባበት ገንዘብ ለተቋም ላለው ይበልጣል።

ሌላም አለ። መሣሪያ ሲገዛ በተለመደው አሠራር የሚከፈለው ሙሉ ዋጋው ሳይሆን ፕሮጀክቱ በተጠቀመበት ጊዜ ልክ የሚታሰበው የእርጅና ተቀናሽ ነው። የውኃ ከፍታ መለኪያ በአራት ዓመት ፕሮጀክት ሦስተኛ ዓመት ላይ ከገዛችሁ ቀሪውን ዋጋ የምትሸፍኑት እናንተ ናችሁ። የበጀት ዓመታችንም ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የነሱ ፕሮጀክት በጃንዋሪም በሴፕቴምበርም ሊጀምር ይችላል። የሒሳብ ባለሙያዎቻችን ሰኔ ላይ መዝገብ ሲዘጉ ፕሮጀክቱ መሐል መንገድ ላይ ይሆናል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኮሚሽኑ በጥቅል ክፍያ የሚሰጣቸው ድጋፎች እየበዙ ነው፤ የሥራው ክፍል ሲጠናቀቅ የተስማሙበት ገንዘብ ይለቀቃል፣ ደረሰኝ በደረሰኝ አይመረመርም። ለእኛ ይህ የሚሻል ይመስለኛል፣ በጀቱ ሲጻፍ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጥን።

ጠረጴዛው ላይ አለመቀመጥ ምን እንደሆነ ከራሴ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ ጥምረት የጥሪው መዝጊያ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ጻፈልኝ። የሕጋዊ ተወካያችንን ፊርማና የተቋማችንን የመለያ ቁጥር ፈለጉ። የመለያ ቁጥሩን በዚያ ጊዜ የምሠራበት ተቋም ውስጥ የሚያውቀው ሰው ማግኘት ራሱ አራት ቀን ወሰደ። በመጨረሻ ሰነዱን ስመለከት ድርሻችን ‹‹የአካባቢ ባለድርሻ አካላት ዐውደ ጥናት›› ሆኖ አገኘሁት፤ ሁለት ጊዜ፣ ከነሻይና ቡናው። ፈረምን። ፕሮፖዛሉ አልተሳካም። ከገምጋሚዎቹ ማስታወሻ የማስታውሰው የአፍሪካ ተሳትፎን እንደ ጥንካሬ መጥቀሳቸውን ነው። በዚያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ግን ከሌሎቹ ይልቅ በራሴ አዝናለሁ። የአስጋሪውን ጥያቄ ከሰማሁ አንድ ዓመት አልፎኝ ነበር፣ ለጥምረቱ ግን አላነሣሁትም። ሳይንሳዊ አልመሰለኝም ነበር።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሁሉ ሰምተው ‹‹ታዲያ ለምን እንለፋለን? አዲስ ቅኝ ግዛት ነው›› ይላሉ። አልስማማም። ገንዘቡ የአውሮፓ ግብር ከፋዮች ነው፤ ጥያቄውን እነሱ ቢጽፉት የሚያስገርም አይደለም። ደንባቸውም ከምናስበው በላይ የሚጠቅመን ነገር ይዟል። የሚታተመው ጽሑፍ ወዲያውኑ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ያስገድዳል፤ መረጃውም በተቻለ መጠን ክፍት ሊሆን ይገባዋል፣ የአያያዝ ዕቅድም ተጽፎ ይቀርባል። ስለዚህ ክልል በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የተጻፉትን የዶክትሬት ጽሑፎች ለማንበብ ስንት ጊዜ ለደራሲው ኢሜይል እንደላክን አስቡ። በዕቅዱ ውስጥ ‹‹የመለኪያው ጥሬ መረጃ ቅጂ በጋምቤላ ይቀመጣል›› የሚል አንድ መስመር የማስገባት መብት አለን። ያንን መስመር የሚያስገባው ግን ዕቅዱ ሲጻፍ የነበረ ሰው ነው።

እንዴት እንኑር? በእኔ አስተያየት የምንገባበት በር የረጅም ጊዜ መረጃ ነው። ዙሪክም ካርዲፍም የሌላቸው፣ በገንዘብም በአንድ ዓመት የማይገዙት ነገር፣ የአልዌሮ ሐይቅ ከፍታ ለአሥር ዓመት በየቀኑ የተመዘገበበት ደብተር ነው። የተቀረጸ እንጨት፣ እርሳስና የማይሰለች ሰው ይበቃል። የሚወርደው ውኃ መቼና ምን ያህል እንደተለቀቀ፣ በታችኛው ዳርቻ መቼ እንደደረሰ፣ አርሶ አደሩ መቼ እንደዘራ በአንድ መዝገብ ላይ ቢሰፍር፣ የአዛውንቱ ጥያቄ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ጥናት ይሆናል። የቀጣዩ ፕሮግራም ጥሪዎች ሲወጡ፣ መረጃውን የያዘ ተቋም በአሥር ቀን ማስታወቂያ አይጠራም፤ ጥሪው ሳይወጣ ይፈለጋል። በዚህ መካከል የምርምር ቢሯችን የተቋሙን ምዝገባ አድሶ ቁጥሩን በር ላይ ቢለጥፈው ሌላ ሰው አራት ቀን አያባክንም።

ባለፈው መስከረም ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሁለቱ በራሳቸው ተነሣሽነት በአቦቦ በኩል ከግድቡ በታች መለኪያ ተክለው መመዝገብ ጀምረዋል። እንጨቱን አንድ ጊዜ ፍየል ጥሎታል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጎርፍ ወስዶታል፤ እንደገና ተክለውታል። ደብተሩ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው፣ ከንግግሩ በኋላ ማየት የምትፈልጉ ቅረቡ። ሁለቱም በሰኔ ይመረቃሉና ከሐምሌ ጀምሮ ንባቡን የሚረከብ ሰው እንፈልጋለን።