በሥራ ላይ ያለን ፕሮግራም በስሙ ጠርቶ ስለ ማስቆም
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ከኮምፒዩተር ክበብ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



አንድ ፕሮግራም አልሠራም፥ አልወጣምም ብሎ ሲገተር ብዙዎቻችን የምናውቀው መድኃኒት የኮምፒዩተሩን ማጥፊያ ተጭኖ ሁሉንም ባንድነት ማጥፋት ነው። ይኸ አንድ ተማሪ ስለ ረበሸ ክፍሉን በሙሉ እንደ ማባረር ያለ ፍርድ ነው። በተለይ አንድ ኮምፒዩተር ብዙ ተማሪዎችን በሚያገለግልበት ቦታ፥ ገና ያልተቀመጠው ጽሑፍ የሌላ ሰው የግማሽ ቀን ድካም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምንናገረው ያስቸገረውን ብቻ በስሙ ጠርቶ ስለ ማስቆም ነው።

የምናስረዳው በሊነክስ ነው፤ እርሱም አሠራሩን የወሰደው ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ከጀመሩት ከዩኒክስ ነው። በዚህ ሥርዐት በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ፕሮሰስ ይባላል፤ ለያንዳንዱም ቍጥር ይሰጠዋል። «ኪል» የሚባለው ትእዛዝ ይኸን ቍጥር ይጠይቃል። ቍጥሩን ግን ማን ያስታውሳል? ስለዚህ በስም የሚሠሩ «ኪልኦል» እና «ፒኪል» የሚባሉ ትእዛዞች አሉ፤ ፒኪል መጀመሪያ የታየው በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው በሶላሪስ 7 ላይ ነው።

ኪልኦል ሙሉውን ስም ይፈልጋል። ለፒኪል ግን ቍራጭ ስም ይበቃዋል፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። መምህሩ በክፍል ውስጥ «ተስፋ» ብለው ቢጠሩ ተስፋ የተባለው ልጅ ብቻ ይነሣል። ፒኪል የጠራ እንደ ሆነ ግን ተስፋዬም፥ ተስፋሁንም፥ የኔተስፋም አብረው ይነሣሉ፤ ተነሥተውም አይመለሱም። ከትእዛዙ ጋራ «ሰረዝ ኤክስ» ቢጻፍ ልክ የሆነውን ስም ብቻ ይይዛል። እኛ ከሁሉ አብልጠን የምንወደው ግን አስቀድሞ «ፒግሬፕ ሰረዝ ኤል» ብሎ መጠየቅን ነው። ፒግሬፕ ማንንም አይነካም፤ በዚያ ስም የሚገኙትን ከነቍጥራቸው ዘርዝሮ ያሳያል።

ስሙ ልክ ቢሆንም ሞክሼ አለ። በፓይተን የተጻፉ ሦስት ፕሮግራሞች ባንድ ጊዜ ቢሠሩ፥ ብዙውን ጊዜ ሦስቱም የሚመዘገቡት በፓይተን ስም ነውና ኪልኦል ሦስቱንም ያስቆማቸዋል። ፒኪልን በ«ሰረዝ ኤፍ» ያዘዙት እንደ ሆነ ግን የተነሡበትን የትእዛዝ መስመር በሙሉ ስለሚመለከት፥ በፋይላቸው ስም ሊለያቸው ይችላል። ተራ ተጠቃሚ የራሱን እንጂ የሌላውን ፕሮሰስ ማስቆም አይፈቀድለትም። ተማሪዎች ሁሉ ባንድ የመግቢያ ስም የሚገቡ ከሆነ ግን ይኸ አጥር ፈረሰ ማለት ነው። ሩት በሚባለው አስተዳዳሪ ስም ገብቶ በቍራጭ ስም ማዘዝማ እንኳን ለጀማሪ ለባለሙያም ያስፈራል።

ኪል ማለት በእንግሊዝኛ መግደል ነው፤ ሥራው ግን መልእክት ማድረስ ነው። ቍጥር ሳንጠቅስ ያዘዝን እንደ ሆነ የሚላከው ምልክት 15 ነው፤ ይኸውም «እባክህ ሥራህን ሰብስበህ ውጣ» እንደ ማለት ነው። ጨዋ ፕሮግራም ይኸን ሲሰማ ፋይሉን ዘግቶ ይሄዳል፤ ባለጌውም አልሰማሁም ሊል ይችላል። ምልክት 9ን ግን ፕሮግራሙ ሊሰማውም ሊከለክለውም አይችልም፤ ከርነሉ ራሱ ያነሣዋል፥ ያልተቀመጠውም ሥራ ይጠፋል። ከ15 በኋላ ጥቂት ሳይታገሡ ወደ 9 የሚሮጡትን አንደግፋቸውም።

በዊንዶውስ ይኸን ሥራ የሚሠራው «ታስክኪል» ነው። በሶላሪስ ግን ኪልኦል ስም አይጠይቅም፤ ማሽኑ ሊዘጋ ሲል በሥራ ላይ ያሉትን ሁሉ የሚያስቆም የአስተዳዳሪ ትእዛዝ ነው። በሊነክስ የለመደ እጅ እዚያ ቢደርስ ምን እንደሚያደርስ አስቡት።

በ9 እንኳ የማይሄድ ፕሮሰስ ያጋጥማል። ዞምቢ ይሉታል፤ ሥራው አልቋል፥ ነገር ግን የወለደው ፕሮሰስ መርዶውን ስላልተቀበለ ስሙ ከመዝገብ አልተፋቀም። የሞተውን ደግሞ መግደል አይቻልም። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ወላጁ ነው (ወላጆቻችን፥ እባካችሁ አትቈጡን)፤ ወላጁ ሲቆም ብዙውን ጊዜ ቍጥር 1 የሆነው ፕሮሰስ ልጁን ተረክቦ ከመዝገቡ ያሰናብተዋል።